የዲስክ ጎልፍ ውርወራ

የዲስክ ጎልፍ ውርወራ በዲስክ ጎልፍ ጨዋታ ተጫዋቹ ክብ የፕላስቲክ ዲስክን ከመነሻ ቦታ ወስዶ ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት ቅርጫት ለማድረስ የሚጠቀምበት የአወራወር ስልት ነው። የዲስክ ጎልፍ ደንብ በአብዛኛው ከጎልፍ የተወሰደ ሲሆን፣ በዱላና በኳስ ፈንታ እጅና ዲስክ፣ በጉድጓድ ፈንታ ደግሞ በምሰሶ ላይ የቆመ የብረት ቅርጫት ያገለግላል። ሜዳውን በትንሹ የውርወራ ብዛት የጨረሰ ተጫዋች አሸናፊ ይሆናል።

ከአንድ ውርወራ ሁለት ነገር ይጠበቃል፦ ርቀትና ዒላማ። ብዙ ጀማሪዎች ርቀት ከክንድ ኃይል፣ ዒላማ ደግሞ ከዓይን የሚመጣ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይመነጫሉ፤ እሱም ከእግር እስከ ጣት ያሉት የአካል ክፍሎች ተራቸውን ጠብቀው መንቀሳቀሳቸው ነው። ተራው ሲዛባ ዲስኩ ርቀቱንም አቅጣጫውንም ያጣል፤ ወርዋሪው ጉድለቱን በክንዱ ኃይል ለመሙላት ሲሞክር ደግሞ ክርኑንና ትከሻውን ለጉዳት ያጋልጣል።

ከዚህ በታች ያለው መግለጫ ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ወርዋሪ የተጻፈ ነው። ግራኝ የሆነ ሰው ቀኝና ግራን እያገላበጠ ማንበብ ይችላል።

አጭር ታሪክ

በራሪ ዲስክ በአሜሪካ በሰፊው የታወቀው፣ ዋም-ኦ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ የዋልተር ፍሬድሪክ ሞሪሰንን የፈጠራ ሥራ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ማምረት ከጀመረና «ፍሪዝቢ» ብሎ ከሰየመው በኋላ ነው። በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድ ሄድሪክ ዲስኩ ሳይዋዥቅ እንዲበር አሻሻለው። ሄድሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አቋቋመ፤ በ1976 የባለሙያ ተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ፤ ዛሬ በየሜዳው የሚታየውን ባለ ሰንሰለት ቅርጫትም ሠራ።

የአወራወር ስልቱን ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ጠርዙ የሾለ ዲስክ ነው። የኢኖቫ ኩባንያ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ዴቭ ደኒፔስ የነደፈው ይህ ዲስክ አየርን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ከቀድሞዎቹ ፈጥኖና ርቆ ይበራል። በዚያው ልክ የአለቃቀቅ ስህተትን አይምርም። ለመዝናኛ የሚሠራው ወፍራም ጠርዝ ያለው ዲስክ ዝግ ብሎ ስለሚበር ትንሽ የማዕዘን ስህተት ብዙም አያሳይም፤ በሾለው ዲስክ ላይ ግን ያው ስህተት ብዙ ሜትር ያስተዋል። በዚህም ምክንያት የሰውነት እንቅስቃሴን በጥንቃቄ ማጥናት የስፖርቱ ዋና ክፍል ሆነ።

ዲስኩ እንዴት ይበራል?

የውርወራን ስህተት ለማረም በመጀመሪያ ዲስኩ በአየር ላይ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ዲስክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ አየርን እየገፋ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ያገኛል። ሆኖም የማይሽከረከር ዲስክ ወዲያው ተገልብጦ ይወድቃል። እንዳይገለበጥ የሚያደርገው ሽክርክሪቱ ነው፤ የሚሽከረከር እንዝርት ወይም ብስክሌት ጎማ ዘንጉን ጠብቆ እንደሚቆም ሁሉ፣ ዲስኩም ሲሽከረከር የተለቀቀበትን ማዘንበል ይዞ ይቆያል።

የቀኝ እጅ ባክሃንድ፣ ማለትም የእጅ ጀርባ ወደ ዒላማው ዞሮ የሚወረወር ውርወራ፣ ዲስኩን ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ያሽከረክረዋል። እንዲህ የሚሽከረከር ዲስክ ሁለት ጠባይ ያሳያል። ፍጥነቱ ከፍተኛ በሆነበት የመጀመሪያ ክፍል ወደ ቀኝ የማዘንበል ዝንባሌ ይኖረዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ አየሩ የፊት ጠርዙን ወደ ላይ ሊያነሳው ይገፋዋል፤ በሚሽከረከር አካል ላይ ግን የግፊቱ ውጤት የሚታየው ሩብ ዙር ዘግይቶ ስለሆነ፣ ፊቱ በመነሳት ፈንታ የግራ ጠርዙ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዲስኩ በመጨረሻው ወደ ግራ ታጥፎ ይወርዳል። በፎርሃንድ ውርወራ ሽክርክሪቱ ስለሚገለበጥ ሁሉም በተቃራኒው ይሆናል።

አምራቾች ይህን ጠባይ በአራት ቁጥሮች ይገልጹታል፤ ቁጥሮቹም ብዙ ጊዜ በዲስኩ ላይ ታትመው ይገኛሉ፦

- ፍጥነት፦ ዲስኩ እንደታሰበው እንዲበር ምን ያህል በፍጥነት መወርወር እንዳለበት ያመለክታል።
- መንሳፈፍ፦ ዲስኩ በአየር ላይ የመቆየት ችሎታው ነው።
- መዞር፦ ዲስኩ በፈጣኑ የበረራ ክፍል ወደ ቀኝ ለማዘንበል ያለው ዝንባሌ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየወረደ ሲሄድ ዝንባሌው ይጨምራል።
- መታጠፍ፦ ዲስኩ በመጨረሻ ወደ ግራ የሚታጠፍበት መጠን ነው።

ከእነዚህ ለጀማሪ በጣም አስፈላጊው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የፍጥነት ቁጥሩ 12 የሆነ ድራይቨር፣ የሚገባውን ፍጥነት ካላገኘ የፈጣኑን ክፍል ጠባይ ሳያሳይ ወዲያው ወደ ግራ ይወድቃል። ወርዋሪውም ዒላማውን የሳተ እየመሰለው ወደ ቀኝ መወርወር ይለምዳል፤ ይህም የሰውነቱን አቅጣጫ ያበላሻል። የፍጥነት ቁጥራቸው 2 ወይም 3 የሆኑ ፓተር የሚባሉ ዲስኮችና ቁጥራቸው 4 ወይም 5 የሆኑ ሚድሬንጅ ዲስኮች ለመማር ይመረጣሉ።

የሰውነት እንቅስቃሴ

የባክሃንድ ውርወራን አሠራር ለመረዳት ጅራፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ የጅራፉን ጫፍ በቀጥታ አያንቀሳቅስም። እጀታውን ወዝውዞ ድንገት ሲገታው እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ክፍል ወደ ቀጭኑ እየተሸጋገረ፣ በሄደም ቁጥር እየፈጠነ፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ይጮኻል። በውርወራም እንዲሁ ከባዱና ዝግ የሚለው ክፍል (እግርና ዳሌ) ይጀምራል፤ ከዚያ ደረትና ትከሻ፣ ቀጥሎ ክርን፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ የእጅ አንጓና ጣቶች ይከተላሉ። እያንዳንዱ ክፍል ፍጥነቱን ለሚቀጥለው አስረክቦ ዝግ ይላል። ክንዱን ቀድሞ በኃይል የሚስብ ሰው የጅራፉን ጫፍ ይዞ ሊያጮኸው እንደሚሞክር ነው።

አያያዝ

ለረጅም ውርወራ አራቱ ጣቶች ከዲስኩ ሥር ታጥፈው የጠርዙን ውስጠኛ ክፍል ይይዛሉ፤ አውራ ጣት ከላይ ይጫናል። ለአጭር ውርወራ ጣቶቹ ከዲስኩ ሥር ዘርዘር ብለው ይቀመጣሉ፤ ይህ ፍጥነትን ይቀንሳል፣ ቁጥጥርን ግን ይጨምራል። ዲስኩ ከክንዱ ጋር በአንድ መስመር መዋሉ አስፈላጊ ነው። የእጅ አንጓው ወደ አውራ ጣት በኩል ከተሰበረ የዲስኩ የፊት ጠርዝ ወደ ላይ ያያል፤ ለመጨባበጥ የተዘረጋ እጅ ጣቶቹን ጥቂት ወደ መሬት ሲያወርድ እንደሚሆነው አንጓው ዝቅ ሲል ግን ጠርዙ ይስተካከላል። በውርወራው መጀመሪያ እጁ ላላ ብሎ ይይዛል፤ ጠንከር የሚለው ዲስኩ ሊለቀቅ ሲል ብቻ ነው።

አቋምና እርምጃ

ወርዋሪው የቀኝ ትከሻውን ወደ ዒላማው አድርጎ በጎኑ ይቆማል። በተለመደው ባለ ሦስት እርምጃ አነሳስ በቀኝ እግሩ ይጀምርና፣ ግራ እግሩን ከቀኙ በስተኋላ አሳልፎ ይረግጣል፤ በመጨረሻ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ይተክላል። የእርምጃው ዓላማ ሩጫ አይደለም፤ የሰውነት ክብደት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር እንዲሸጋገር ማድረግ ነው። ሩጫው በፈጠነ ቁጥር ተራውን መጠበቅ ስለሚከብድ፣ ብዙ አሠልጣኞች ጀማሪው መጀመሪያ ቆሞ እንዲወረውር ይመክራሉ።

መዘርጋትና እግር መትከል

ግራ እግር ከኋላ ሲያልፍ ትከሻዎቹ ከዒላማው ይዞራሉ፤ ዲስኩም ከዒላማው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ትከሻን ሳያዞሩ ክንድን ብቻ በሰውነት ዙሪያ መጠምጠም ነው። እንዲህ የተጠመጠመ ክንድ ሲመለስ ሰውነቱን ዞሮ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ዲስኩ በቀጥታ በመሳብ ፈንታ ክብ ይሠራል።

ዲስኩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሳለ የፊት እግር መሬት ይነካል። ይህ የውርወራው ወሳኝ ቅጽበት ነው። የተተከለው እግር ወደ ፊት የሚሄደውን ሰውነት ይገታል፤ የተገታው እንቅስቃሴም ወደ ዳሌ መሽከርከር ይለወጣል፤ የጅራፉን እጀታ ድንገት እንደ መግታት ማለት ነው። ክንዱ እግሩ ሳይተከል መሳብ ከጀመረ የሚገታው ነገር አይኖርም፤ ውርወራውም በክንድ ብቻ ይቀራል።

መሳብ፣ መልቀቅና መከተል

ዳሌው መዞር ሲጀምር ትከሻው ይከተላል፤ ክርኑም ቀድሞ ወደ ፊት ይመጣል። ዲስኩ በደረት ከፍታ፣ ለሰውነት ቀረብ ብሎ ያልፋል። የቀኝ ደረት ፊት ሲደርስ ክርኑ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ ይታያል። ከዚያ ክንዱ እንደ በር ተከፍቶ ይዘረጋል፤ ዲስኩም በራሱ ፍጥነት ከጣቶች መካከል ይነጠቃል። ሽክርክሪቱን የሚሰጠው በዚህ ቅጽበት ጠርዙን አጥብቆ የያዘው ጣት እንጂ ሆን ተብሎ የሚደረግ የእጅ አንጓ ጥምዘዛ አይደለም።

ከተለቀቀ በኋላ ሰውነቱ ወዲያው መቆም የለበትም። ወርዋሪው በፊት እግሩ ተረከዝ ላይ ዞሮ፣ ግራ እግሩ ወደ ፊት እስኪመጣ ድረስ እንቅስቃሴውን ይጨርሳል። ይህ ዲስኩን አይጠቅመውም፤ ጉልበትንና ወገብን ግን ከድንገተኛ ጫና ያድናል።

ዒላማ

በወንጭፍ ድንጋይ የወረወረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ድንጋዩ የሚሄደው ወንጭፉ በተለቀቀበት ቅጽበት ይዞት ወደነበረው አቅጣጫ ነው። ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ መልቀቅ አቅጣጫውን ይለውጠዋል። ለዲስክም ሕጉ ይኸው ነው፤ ቀድሞ የተለቀቀ ባክሃንድ ወደ ግራ፣ ዘግይቶ የተለቀቀ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚሆን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዲስኩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር (በሰከንድ 25 ሜትር) ፍጥነት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ እየተጓዘ ነው እንበል። በዚህ ፍጥነት አቅጣጫው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በአንድ መቶኛ ሰከንድ የዘገየ ወርዋሪ 80 ሜትር ርቆ ካለ ቅርጫት በ26 ሜትር ይስታል ማለት ነው። ማንም ሰው በዓይኑ ወይም በፈቃዱ ይህን ያህል አጭር ጊዜ መቆጣጠር አይችልም። ዲስኩ በሰውነት ዙሪያ ክብ ከመሥራት ይልቅ በደረት ፊት ቀጥ ብሎ ሲሳብ ግን አቅጣጫው የሚለወጠው በዝግታ ስለሆነ፣ ያው የጊዜ ስህተት የሚያስከትለው ጉዳት ያንሳል። ትክክለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ዒላማን የሚያሻሽለው በዚህ መንገድ ነው።

ነጥብ ሳይሆን መስመር

ዲስክ ቀጥ ብሎ ስለማይበር፣ ልምድ ያለው ተጫዋች ቅርጫቱን ብቻ አይመለከትም። ዲስኩ የሚያልፍበትን መንገድ በአእምሮው ይስልና፣ በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በሁለት ግንዶች መካከል ያለ ክፍተት፣ ዒላማ ያደርጋል። ለመንገዱ ሦስት ነገሮች ይወሰናሉ፦ የሚለቀቅበት አቅጣጫ፣ ከፍታና የዲስኩ ማዘንበል።

የግራ ጠርዙ ዝቅ ብሎ የተለቀቀ ዲስክ ሃይዘር ይባላል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል። የቀኝ ጠርዙ ዝቅ ብሎ የተለቀቀው አንሃይዘር ሲሆን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ማዘንበሉ መምጣት ያለበት ከወገብ ነው፤ ለሃይዘር ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ለአንሃይዘር ወደ ኋላ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ወገቡ ሳይንቀሳቀስ እጁ ብቻ ከዞረ፣ የክንዱ ጉዞና የዲስኩ ማዘንበል ስለማይገጣጠሙ ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል።

ነፋስም መታሰብ አለበት። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩ በአየር ውስጥ ያለውን ፍጥነት ስለሚጨምር ወደ ቀኝ የመዞር ዝንባሌውን ያባብሰዋል። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ በተቃራኒው ቶሎ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ያደርገዋል። ይሁንና ረጅም ለመወርወር የኋላ ነፋስ ይጠቅማል፤ ዴቪድ ዊጊንስ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2016 በኔቫዳ በረሃ 338 ሜትር የወረወረው በነፋስ ታግዞ ነው።

ፎርሃንድ

በፎርሃንድ ውርወራ መዳፉ ወደ ዒላማው ያያል፤ እንቅስቃሴውም ድንጋይን ዝቅ አድርጎ በውኃ ላይ እንደ ማንጠር ነው። አመልካች ጣትና የመሃል ጣት ከጠርዙ ሥር ይገባሉ፣ አውራ ጣት ከላይ ይይዛል። ክርኑ ለወገብ ቀረብ ብሎ ከእጁ ቀድሞ ይመጣል። ዲስኩ ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ ባክሃንድ በማይመችባቸው ቦታዎች ይረዳል። በፎርሃንድ ዋናው ስህተት ሲለቁ መዳፉን ወደ መሬት መገልበጥ ነው፤ መዳፉ ወደ ላይ እንዳየ መጨረስ ይኖርበታል።

ወደ ቅርጫት መጨረስ

ከቅርጫቱ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ የሚደረግ ውርወራ ፓት ይባላል። በዚህ ክልል ተጫዋቹ ከወረወረ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደ ፊት ማለፍ አይፈቀድለትም። የሰንሰለቱ ስፋት ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ10 ሜትር ርቀት ከመሃል ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ የሚፈቀደው ስህተት አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው፤ በ5 ሜትር ግን ወደ ሦስት ዲግሪ ያድጋል።

ሁለት ዋና ስልቶች አሉ። አንደኛው ዲስኩን በእጅ አንጓና በጣቶች በፍጥነት አሽከርክሮ ቀጥ አድርጎ መላክ ነው፤ በነፋስ ጊዜና ከሩቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው እጅን ቀጥ አድርጎ ከታች ወደ ላይ በመግፋት ዲስኩን ከፍ አድርጎ መላክ ሲሆን፣ እዚህ ኃይሉ ከእግር ይመጣል። በሁለቱም እጁ ዲስኩን ከለቀቀ በኋላ ወደ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ መቆየት አለበት።

ከሩቅ ሆኖ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩታ፣ ኦግደን ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ታይቷል። ጄምስ ኮንራድ በመጨረሻው ቅርጫት በአንድ ውርወራ እየተመራ ሳለ፣ 75 ሜትር ገደማ ርቆ የወረወረው ዲስክ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። በዚህም ከፖል ማክቤዝ ጋር ውጤቱን አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ጨዋታም አሸነፈ። በዚያ ርቀት የሚፈቀደው የአቅጣጫ ስህተት ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ አይበልጥም።

የተለመዱ ስህተቶችና ምክንያታቸው

- ዲስኩ ወደ ላይ ወጥቶ ቆም ይልና ወደ ግራ ይወድቃል፦ የፊት ጠርዙ ወደ ላይ እያየ ተለቋል። የእጅ አንጓን ዝቅ ማድረግና ክብደትን ወደ ፊት እግር ማሸጋገር ያስተካክለዋል።
- ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፦ የክንዱ ጉዞና የዲስኩ ማዘንበል አልተገጣጠሙም፣ ወይም አያያዙ ላልቷል።
- ዲስኩ በቀጥታ ወደ ቀኝ ይሄዳል፦ ክንዱ በሰውነት ዙሪያ ተጠምጥሟል፣ ወይም እጁ ዘግይቶ ለቋል።
- ዲስኩ በቀጥታ ወደ ግራ ይሄዳል፦ እጁ ቀድሞ ለቋል፣ ወይም እርምጃው ራሱ ወደ ግራ ያመራል።
- ብዙ ኃይል ቢወጣም ርቀት አይጨምርም፦ ክንዱ የፊት እግር ሳይተከል መሳብ ጀምሯል።

ልምምድ

ልምምድ ፍሬ የሚያፈራው የአቅጣጫ ስህተትና የእንቅስቃሴ ስህተት ሲለዩ ነው። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ወርዋሪው ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ምልክት ይተክልና ተመሳሳይ የሆኑ 10 ዲስኮችን ወደዚያ ይወረውራል፤ ከዚያ ያረፉበትን ቦታ ይመለከታል። ዲስኮቹ ተቀራርበው ሆነው ሁሉም ከምልክቱ ግራ ካረፉ እንቅስቃሴው የተረጋጋ ነው፤ መስተካከል ያለበት የአቋሙ አቅጣጫ ወይም የዲስኩ ምርጫ ብቻ ነው። ዲስኮቹ ቀኝና ግራ ተበታትነው ካረፉ ግን፣ መካከለኛ ቦታቸው ምልክቱ ላይ ቢውል እንኳ፣ ችግሩ በእንቅስቃሴው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አቅጣጫውን በየውርወራው ቢቀያይር መበታተኑን ከማባባስ በቀር አይጠቀምም።

እንቅስቃሴውን ለማረም በስልክ መቅረጽ ይረዳል። ከኋላ የተቀረጸ ምስል እርምጃው ወደ ዒላማው ማምራቱን፣ ከጎን የተቀረጸው ደግሞ እግሩ ክንዱ ሳይጀምር መተከሉን ያሳያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይታረማል። ቅደም ተከተሉም ብዙውን ጊዜ ቆሞ መወርወር፣ በአንድ እርምጃ መወርወር፣ ከዚያ በሙሉ እርምጃ መወርወር ነው። በፓተር መለማመድ ይመረጣል፤ በዝግተኛ ዲስክ ላይ መንቀጥቀጥና የተሳሳተ ማዘንበል ወዲያው ይታያሉ። ከሙሉ ኃይል ቀነስ አድርጎ የሚወረውር ሰው ተራውን መጠበቅ ስለሚቀለው ብዙ ጊዜ ሳይጠብቀው ርቀት ይጨምራል።

ጉዳትን መከላከል

በዲስክ ጎልፍ በብዛት የሚጎዱት ክርን፣ ትከሻ፣ ወገብና የተተከለው እግር ጉልበት ናቸው። የክርንና የትከሻ ሕመም ብዙ ጊዜ በክንድ ብቻ ከመወርወርና ሳያርፉ ከመደጋገም ይመጣል። የጉልበት ጉዳት ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ሰውነቱ ሲዞር ይከሰታል፤ ተረከዝ ላይ መዞር ይህን ይቀንሳል። ከጨዋታ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ውርወራዎች በዝግታ ማድረግና በተከታታይ ቀናት የውርወራ ብዛትን በአንዴ አለመጨመር ይመከራል። በውርወራ ጊዜ የሚሰማ ስለታም ሕመም ለማቆም በቂ ምክንያት ነው፤ ሕመሙ ከእረፍት በኋላም ከቀጠለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።